ሳይሸጥ የሚያተርፍ ፈረስ፦ የአየርላንድ የሰረገላ ሽርሽር እንዴት ይሠራል?

ድንበር ተሻጋሪ ነጋዴ የእንስሳውን ትርፍ የሚያውቀው በሸጠበት ቀን ነው። በሬው መተማ ላይ፣ ግመሉ ሞያሌ ላይ፣ በጉና ፍየሉ ቶጎ ጫሌ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ሒሳቡም እዚያው ይዘጋል። በአየርላንድ ገጠር ግን ሒሳቡ በዚህ መንገድ የማይዘጋ ሥራ አለ። አንድ ፈረስ ሳይሸጥ፣ ከነሰረገላው በሳምንት እየተከራየ፣ ባለቤቱን ለዓመታት ያበላል። ተከራዩ ደግሞ ባለሙያ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ልጓም ጨብጦ የማያውቅ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ለዕረፍት የመጣ ከተሜ ነው።

እንስሳን እንዲህ ላለ ሰው ለሳምንት አስረክቦ መሸኘት ማንኛውንም ነጋዴ ያሰጋዋል። ሥራው ግን ከ50 ዓመት በላይ ቆይቷል። ያቆየው ምክንያት አንድ ነው፤ የሚከራየው የፈረሱ ጉልበት ሳይሆን ገራምነቱ ነው። ጉልበት በየገበያው ይገኛል። ገራምነት ግን በዓመታት ተሠርቶ በአንድ ክፉ ቀን ሊበላሽ ይችላል። ባለቤቶቹ ይህን ገራምነት እንዴት እንደሚመርጡት፣ እንዴት እንደሚጠብቁትና ምን እንደሚያስወጣቸው ማወቅ በጋማ ከብት ለሚነግድም ሆነ ከብት በእግር ለሚያስነዳ ሰው ይጠቅማል።

ሰረገላው ከየት መጣ?

ለሽርሽር የሚከራየው ሰረገላ ጣሪያው እንደ በርሜል የተጠማዘዘ፣ በአራት ጎማ የሚሄድ ትንሽ ቤት ነው። በውስጡ መኝታ፣ ምድጃና የዕቃ ማስቀመጫ አለው። የሚጎትተው አንድ ፈረስ ነው። ቤተሰቡ ቀን ቀን በገጠር ጠባብ መንገድ በእርምጃ ይጓዛል፤ ሲመሽ ቀድሞ በተነገረለት የገበሬ ግቢ ወይም የመንደር መጠጥ ቤት ያርፋል፤ ፈረሱም ታጥሮ በተዘጋጀለት መስክ ላይ ይለቀቃል። ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲሆን እንደ ዊክሎ፣ ሌሽ፣ ጎልዌይና ሜዮ ባሉ አውራጃዎች ሲሠራበት ቆይቷል።

የሰረገላው ቅርጽ የተወሰደው ትራቨለር ተብለው ከሚታወቁት የአየርላንድ ተጓዥ ማኅበረሰቦች ነው። እነዚህ ሰዎች ለብዙ ትውልድ ቆርቆሮ እየቀጠቀጡ፣ ፈረስ እየነገዱና በአዝመራ ወቅት የቀን ሥራ እየሠሩ ከአውራጃ አውራጃ ሲዘዋወሩ ኖረዋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በርሜል ጣሪያው ሰረገላ ቤታቸው ነበር። በኋላ ፕላስቲክ ሲመጣ የቆርቆሮ ሥራቸው ገበያ አጣ። ትራክተርና መኪና ሲበዛም የፈረስ ንግዳቸው ቀዘቀዘ።

የአየርላንድ መንግሥት ያቋቋመው አጥኚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው ሪፖርት ተጓዦቹ በቋሚ መኖሪያ እንዲሰፍሩ የሚገፋፋ አቅጣጫ አስቀመጠ። የሽርሽር ሰረገላ ኪራይ ሥር የሰደደው በዚያው አሥር ዓመት ነው። ባለቤቶቹ ከሰረገላና ከፈረስ ተለይተው እንዲሰፍሩ ሲገፋፉ፣ የውጭ አገር እንግዳ ያንኑ ኑሮ ለአንድ ሳምንት ለመቅመስ ገንዘብ ይከፍል ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ሕግ ደግሞ በሌላ ሰው ወይም በመንግሥት መሬት ላይ ያለ ፈቃድ መስፈርን ወንጀል አደረገ። ተጓዦቹ በመንግሥት ደረጃ እንደ ብሔረሰብ የታወቁት መጋቢት 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ነው። በ2022ቱ ሕዝብ ቆጠራ 32,949 ሰዎች ራሳቸውን የዚህ ማኅበረሰብ አባል አድርገው አስመዝግበዋል።

ከብት በእግር እያስነዳ ድንበር የተሻገረ ሰው ይህ ታሪክ ምን እንደሚል ይገባዋል። መንገድ ብቻውን መንገድ አይሆንም። የሚያድሩበት፣ ውሃ የሚያጠጡበትና የሚያግጡበት ቦታ ከተዘጋ መንገዱም ተዘጋ ማለት ነው። የሽርሽር ሰረገላ ዛሬም የሚንቀሳቀሰው የማደሪያው ፈቃድ ቀድሞ ስለተያዘና ስለተከፈለበት ነው።

ገበያ ላይ የሚፈለገው ፈረስ

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ዝርያ ኮብ ይባላል። ቁመቱ ከ135 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ አጥንተ ወፍራም፣ ደረተ ሰፊ ነው፤ ከጉልበቱ በታች እስከ ሰኮናው የሚወርድ ረጅም ጠጉር አለው። ብዙዎቹ ጥቁርና ነጭ ወይም ቡናማና ነጭ ቡራቡሬ ናቸው። ለሩጫ አይሆንም፤ ለጉግስም የሚመርጠው የለም። ዝርያውን አጥርተው ያቆዩት ተጓዦቹ ራሳቸው ናቸው። ሰረገላ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድር ቤተሰብ ደንባራ ፈረስ የሞት ጥሪ ስለሆነ፣ ክፉ ጠባይ ያለው ለእርባታ አይቀርብም ነበር።

ፈረሶቹ ከሚገዙባቸው ቦታዎች አንዱ በጎልዌይ አውራጃ የሚገኘው የባሊናስሎ ገበያ ነው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የሚቆመው ይህ ገበያ በአውሮፓ ካሉት አንጋፋ የፈረስ ገበያዎች ይቆጠራል። ግብይቱ ለአፍሪካ ቀንድ ነጋዴ ሩቅ አይደለም። በሶማሌና በቦረና ገበያዎች ዋጋ በጨርቅ ሥር በጣት እየተነካካ በምስጢር ይነገራል። በአየርላንድ ግን ሁሉም ነገር በአደባባይ ነው። ገዢና ሻጭ በተመልካች ፊት እጅ ለእጅ እየተማቱ ዋጋ ያወጣሉ፤ መሀል ገብቶ እጃቸውን የሚያገናኝ ደላላ አይጠፋም። ስምምነቱ ሲፈጸም ሻጩ ከተቀበለው ላይ ጥቂት ገንዘብ ለገዢው ይመልሳል። ይህም እንደ ምራቂ ያለ፣ ለመልካም ዕድል የሚሰጥ ነው።

ለኪራይ ፈረስ የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ውበት አይደለም። ፍተሻው ባጭሩ ይህን ይመስላል፦

ዕድሜና ጾታ። ፈረሱ ቢያንስ 5 ወይም 6 ዓመት የሞላው፣ አጥንቱ የጠና መሆን አለበት። የተኮላሸ ሰንጋ ወይም ባዝራ ይመረጣል። ድንጉላ ፈረስ ለማያውቀው ሰው አይሰጥም።

መቆም መቻሉ። ብዙ ገዢ ሲሄድ ያየዋል፤ የኪራይ ባለቤት ግን ሲቆም ያየዋል። ሰረገላ ተጠምዶለት፣ ሰው በዙሪያው እየተንጫጫ፣ ለግማሽ ሰዓት ሳይቁነጠነጥ የሚቆም ፈረስ ግማሹን ፈተና አልፏል።

መኪና መልመዱ። የጭነት መኪና፣ ሞተር ብስክሌት፣ የሚጮህ ውሻ፣ ነፋስ ያነሳው ፌስታል ሲያጋጥመው ምን ያደርጋል? ጆሮውን አቁሞ የሚያልፍ ይገዛል፤ ወደ ጎን የሚዘል ይቀራል። ደንባራ በቅሎ፣ ቃጭል ተጨምሮላት እንደሚባለው፣ በርጋጊ ፈረስ ላይ ሰረገላ መጨመር አደጋን ማብዛት ነው።

መስክ ላይ መያዙ። ጠዋት ሣር ሲግጥ ለሕፃን እጅ የሚመጣ ፈረስ ሽርሽሩን ያድናል። እየሸሸ ሁለት ሰዓት የሚያባርር ከሆነ እንግዳው ቀኑን ያጣል፤ ባለቤቱም እንግዳውን ያጣል።

እግሩ። አራቱም ሰኮና ተነስቶ ይታያል። ስንጥቅ፣ ሙቀት፣ ሲነካ የሚሸሸው ቦታ ካለ ዋጋው ይወርዳል ወይም ግዢው ይቀራል።

ተገዝቶ የመጣ ፈረስ ወዲያው ለእንግዳ አይሰጥም። በባለሙያ እጅ ያንኑ መንገድ ደጋግሞ ይሄዳል። መንገዱን፣ ማደሪያውንና የውሃ ቦታውን ያውቃል። ከዚህ በኋላ እንግዳው ነጂ ይባል እንጂ፣ እውነተኛው መንገድ መሪ ፈረሱ ነው።

የአንድ ቀን መንገድ

እንግዳው በደረሰበት ቀን ወይም በማግስቱ ትምህርት ይሰጠዋል። ፈረሱን ከመስክ መያዝ፣ መቦረሽ፣ ሰኮናውን መጥረግ፣ መጥመድና መፍታት፣ ማቆምና ማዞር ይማራል። ለመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮችም ከባለቤቱ ሰዎች አንዱ አብሮት ይሄዳል። መንገዱ ተመርጦ፣ ካርታው ተሰጥቶት፣ ስልክ ቁጥር ተጽፎለት ነው የሚሸኘው።

ጉዞው በእርምጃ ብቻ ነው። ፈረስ በእርምጃ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በቀን ሦስት ወይም አራት ሰዓት ቢሄድ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ከዚያ ያነሰ ነው። በሳምንቱ መሀል ደግሞ የዕረፍት ቀን ይገባል። ለጭነት ነጋዴ ይህ ትንሽ መንገድ ይመስላል። ልኩ ግን በዘፈቀደ የወጣ አይደለም፤ በቁጥር ሊታይ ይችላል።

ሰረገላው ከነሰዉና ከነዕቃው 1,000 ኪሎ ይመዝናል እንበል። በደህና አስፋልት ሜዳ ላይ በጎማ የሚሄድ ጋሪን ለመጎተት የክብደቱ 2 በመቶ ያህል ጉተታ ይበቃል፤ ይህም 20 ኪሎ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ለሰዓታት ሳይጎዳ ሊጎትት የሚችለው የክብደቱን 10 በመቶ ያህል፣ ማለትም 50 ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ በሜዳ ላይ ፈረሱ ትርፍ አቅም አለው። ዳገት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። በ100 ሜትር 5 ሜትር የሚወጣ ዳገት በ20ው ላይ ሌላ 50 ኪሎ ይጨምራል፤ ድምሩ 70 ይሆናል። ይህን ፈረሱ ለአጭር ርቀት ይችለዋል፤ በረዥሙ ግን ይሰበራል።

መፍትሔው ሰው ማውረድ ነው። በጠቅላላው 260 ኪሎ የሚመዝን አራት ሰው ከወረደ የቀረው ክብደት 740 ኪሎ ነው፤ ጉተታውም ከ70 ወደ 52 ኪሎ ይወርዳል። እንግዶች ዳገት ላይ በእግር እንዲሄዱ የሚታዘዙት ለሥርዓት ወይም ለእዝነት ብቻ አይደለም። ያ ዳገት በየሳምንቱ ለዓመታት መወጣት ስላለበት ነው። ቁልቁለት ላይም እንዲሁ ጥንቃቄ አለ። ሰረገላው ፍሬን አለው፤ ከፈረሱ ኋላ የሚዞር ጠፍርም ክብደቱ እግሩ ላይ እንዳይወድቅ ይይዛል። ፍሬን የሌለው ጋሪ ቁልቁለት ላይ ፈረሱን ሲገፋው ላየ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው።

ሣር፣ ውሃ፣ ሰኮናና መጠመጃ

የአፍሪካ ቀንድ ነጋዴ የሚጨነቀው ሣር እንዳይጠፋ ነው። በአየርላንድ የሰረገላ ፈረስ ባለቤት የሚጨነቀው ሣር እንዳይበዛ ነው። ኮብ በጥቂት መኖ ሥጋ የሚያወጣ ዝርያ ስለሆነ በጸደይ የለመለመ፣ ስኳር የበዛበት ሣር ያለ ልክ ከጋጠ ላሚናይተስ የሚባል በሽታ ይይዘዋል። በሰኮናው ውስጥ ያለው ሕዋስ ያብጥና ፈረሱ መርገጥ ያቅተዋል፤ ሲብስም አጥንቱ ከቦታው ይንሸራተታል። ስለዚህ የማደሪያው መስክ ይለካል፣ አንዳንዴም በኤሌክትሪክ ሽቦ ይከፋፈላል። ሥራ የሌለበት ፈረስ ደግሞ ከሚሠራው የበለጠ ይጠበቃል።

የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። እንደ በሬ በአንድ ጊዜ ሞልቶ ተኝቶ አያመሰኳም። ጥቂት በጥቂት ለረዥም ሰዓት መብላት አለበት፤ ረጅም ሰዓት ጾሞ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ከተሰጠው ሆዱን ያመዋል፤ በዚያም ሊሞት ይችላል። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን 10 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ውሃም እንደ ሙቀቱና እንደ ሥራው ከ25 እስከ 45 ሊትር፣ በበረታ ሙቀት ደግሞ ከዚያም በላይ ይጠጣል። እንግዳው ፈረሱን በየመንገዱ ዳቦና ከረሜላ እንዳያበላ የሚከለከለውም ለዚህ ነው።

ሰኮና በአስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። የፈረስ ጫማ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ይታያል፤ የረዘመው ሰኮና ይሞረዳል፤ ብረቱ ይቀየራል። በጉዞ መሀል ጫማ ከወለቀ ጉዞው ይቆማል። እንግዳው ስልክ ይደውላል፤ ባለቤቱ አንጥረኛ ይዞ ይመጣል ወይም ሌላ ፈረስ ይተካል።

የመጨረሻው መጠመጃው ነው። የሰረገላ ፈረስ የሚጎትተው በአንገቱ ላይ በሚጠለቅ ወፍራም የቆዳ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ከፈረሱ ጋር የተለካ ስለሆነ ሸክሙ ትከሻው ላይ እኩል ይከፋፈላል። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። እንግዳው ጠዋት ከመጥመዱ በፊት በእጁ ዳስሶ ላብ የደረቀበት፣ ጠጉር የተላጠበት ወይም ያበጠ ቦታ እንዳለ እንዲያይ ይማራል። ቁስል ከተገኘ ፈረሱ በዚያ ቀን አይጠመድም።

ይህ ለኢትዮጵያ ባለጋሪ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ ከተሞች 19,000 ያህል የጋሪ ፈረሶችን መርምሮ 19 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቆዳን እያቆሰለ በመስመር የሚያብጥ፣ በፈንገስ የሚመጣ በሽታ እንደያዛቸው አግኝቷል። ፈንገሱ ከሚገባባቸው በሮች ዋናው የቆሰለ ቆዳ ነው። በደንብ ያልተለካ መጠመጃ፣ ሽቦና ሲባጎ የታሰረበት ማነቂያ፣ ከፈረስ ፈረስ የሚዘዋወር ዕቃ በሽታውን ይዞ ይዞራል። ጠዋት መጠመጃ ሥር እጅ አስገብቶ መዳሰስ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚያድነው ግን ፈረሱን ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል?

የሰረገላ ኪራይ ወቅቱ አጭር ነው። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ቢቆጠር 26 ሳምንት ገደማ ነው፤ ሁሉም ሳምንት ደግሞ ተከራይ አያገኝም። ፈረሱ ግን 52 ሳምንት ይበላል። በክረምቱ ስድስት ወር በቀን 10 ኪሎ ድርቆሽ ቢበላ ወደ 1,800 ኪሎ ይደርሳል። በዚያ ላይ የጫማ፣ የሐኪም፣ የጥርስ ሞረዳ፣ የትል መድኃኒት፣ የሰረገላ ጥገናና የማደሪያ ክፍያ አለ። መተኪያ ፈረስም መቀለብ አለበት፤ የታመመ ወይም የደከመ ፈረስ ባለበት ሳምንት እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስምና።

ትርፉ የሚገኘው ከዓመታት ብዛት ነው። በ6 ዓመቱ ሥራ የጀመረና በልክ የተያዘ ፈረስ እስከ 18 ወይም 20 ዓመቱ ሊሠራ ይችላል። በየቀኑ 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ባለቤት በአንድ ወቅት የበለጠ ገንዘብ ያገኝ ይሆናል። ነገር ግን ፈረሱ በሦስት ዓመት ያነክሳል ወይም ጠባዩ ይበላሻል። ያኔ ባለቤቱ የሚያጣው የፈረሱን ዋጋ ብቻ አይደለም፤ ያሠለጠነበትን ጊዜም ያጣል። የተበሳጨ ፈረስ ይነክሳል፣ ይራገጣል፣ ሲጠመድ ይሸሻል፤ ለእንግዳ ሊሰጥም አይችልም። አጭር መንገድና የዕረፍት ቀን የዚህ ንግድ ዋና ገንዘብ መጠበቂያ የሆኑት ስለዚህ ነው።

ለማደሪያው ገበሬም ገቢ አለው። ጥቂት መስክ፣ ውሃና የመታጠቢያ ቦታ ያለው ገበሬ በየምሽቱ ክፍያ ያገኛል፤ እንቁላልና ወተትም ይሸጣል። መጠጥ ቤቱ እራት ያቀርባል። ፈረሱ የሚሄድበት ዘገምተኛ እርምጃ ገንዘቡን በየመንደሩ እያንጠባጠበ ያልፋል። በመኪና የሚያልፍ ቱሪስት ግን እነዚያን መንደሮች አያያቸውም።

ሥራው ችግር የለበትም ማለት አይደለም። የገጠሩ መንገድ በመኪና ተጨናንቋል። የአደጋ መድን ከብዷል። ስለዚህ የአከራዮቹ ቁጥር ከቀድሞው በእጅጉ አንሷል። ፈረስ ስለጠፋ ሥራውን የተዉ የሉም ማለት ይቻላል፤ ሥራውን ያጠበበው ከፈረሱ ይልቅ መንገዱና ኃላፊነቱ ነው።

ፓስፖርት ያለው ፈረስ

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እያንዳንዱ ፈረስ የራሱ ፓስፖርት አለው። ከሐምሌ 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ ለሚመዘገብ ውርንጭላ በአንገቱ ውስጥ መለያ ቺፕ ማስገባት ግዴታ ሆኗል። ፓስፖርቱ ላይ የፈረሱ መልክ፣ የተሰጠው ክትባትና መድኃኒት እንዲሁም ለሥጋ ሊቀርብ መቻል አለመቻሉ ይጻፋል። ለምሳሌ ፌኒልቡታዞን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ የወሰደ ፈረስ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ለሰው ምግብ አይቀርብም።

ይህ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታየው በጥር 2013 እ.ኤ.አ. ነው። የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በበሬ ሥጋ ስም በተሸጠ በርገር ውስጥ የፈረስ ሥጋ ምልክት ማግኘቱን ሲገልጽ፣ ነገሩ በመላው አውሮፓ ተዛመተ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት የሌለው ፈረስ ገዢ ያጣል። ለሰረገላ ባለቤት ደግሞ ወረቀቱ ሌላ ጥቅም አለው፦ ገዢ የፈረሱን ዕድሜ በሻጩ አንደበት ሳይሆን በጽሑፍ ያረጋግጣል።

ከአፍሪካ ቀንድ ጋር ያለው ግንኙነት

አንድ ነጋዴ ይህን ሲያነብ ፈረስ ወደዚያ መላክ ይቻል እንደሆነ ማሰቡ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፤ በሩ በበሽታ ምክንያት የተዘጋ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ቫይረስ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ይገኛል። የሚያስተላልፉት በዓይን በጭንቅ የሚታዩ ነካሽ ትንኞች ናቸው። በሽታውን በማያውቅ የፈረስ መንጋ ላይ ከገባ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። አህያ ብዙም ሳይታመም፣ የሜዳ አህያ ደግሞ ምልክት እንኳ ሳያሳይ ሊሸከመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1987 ከናሚቢያ ወደ ስፔን የገቡ የሜዳ አህዮች ቫይረሱን ይዘው ገብተው እስከ 1990 ድረስ ብዙ ፈረስ ፈጅቷል። በ2020 ታይላንድ ውስጥ የተነሳው ወረርሽኝም ስጋቱን አድሷል። የአውሮፓ የእንስሳት ጤና ባለሥልጣናት በዚህ ጉዳይ የማይደራደሩት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከአየርላንድ የሚወሰደው ትምህርት ፈረስ ለመላክ አይደለም፤ ፈረስን በአገር ውስጥ ለመመዘን ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ብዙ የጋማ ከብት ካላቸው አገሮች ፊተኛ ናት። በብዙ ከተሞች ባጃጅ የጋሪን ቦታ ወስዷል። ያረጀ ወይም የቆሰለ የጋሪ ፈረስ በመንገድ ዳር ተጥሎ ማየትም የተለመደ ሆኗል። በሌላ በኩል እንግዳ ተሸክሞ ገንዘብ የሚያገኝ እንስሳ አለ። በባሌ ተራሮች ዲንሾ ላይ ፈረስ ለጎብኚ ይከራያል። በሰሜን ተራሮች በቅሎ ጓዝ ይጭናል። በላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ እንግዳ በበቅሎ ይሄዳል። በአዊ ደግሞ የፈረስ ፍቅር ያልቀዘቀዘበት አካባቢ አለ፤ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ በጥር ወር በዓላቸውን ያከብራሉ።

በእነዚህ ቦታዎች የሚፈለገው እንስሳ ከጉግስ ፈረስ የተለየ ነው። ለጉግስ የሚፈለገው ፈጣንና ቁጡ ነው፤ ለጋሪ ርካሽና ብርቱ ነው፤ ለእንግዳ ግን የተረጋጋ፣ ሰው የለመደ፣ ጀርባው ያልቆሰለ ነው። በገበያው ላይ ይህን ለይቶ ዋጋ የሚያወጣለት ሻጭ ብዙ አይደለም። ገዢም የሚጠይቀው ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን፣ አስሮጦ ጉልበቱን ነው። ፈረሱ ሲቆም ምን እንደሚሆን፣ መኪና ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ፣ ለማያውቀው ሰው እጅ እንዴት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ለጎብኚ ቦታዎች ፈረስ ወይም በቅሎ የሚያቀርብ ነጋዴ ከአየርላንዱ አሠራር ሦስት ነገር ሊወስድ ይችላል። አንደኛ፣ እንስሳውን ከመሸጡ በፊት በሰው ብዛትና በመኪና መሀል አቁሞ ለገዢው ማሳየት። ሁለተኛ፣ ዕድሜውን፣ ክትባቱንና የታመመበትን ጊዜ በወረቀት ጽፎ አብሮ ማስረከብ፤ የመንግሥት ፓስፖርት ባይኖርም የእንስሳት ሐኪም ማኅተም ያለበት ደብተር ዋጋ አለው። ሦስተኛ፣ መጠመጃውን ወይም ኮርቻውን ከእንስሳው ጋር ለክቶ መሸጥ፤ የራሱን ዕቃ ይዞ የሚሄድ እንስሳ ቶሎ አይቆስልምና።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜ ደግሞ ለነጋዴ ገንዘብ ነው። አንድን ፈረስ ለሦስት ወር አቆይቶ ማላመድ መኖና ጉልበት ይጠይቃል። ገዢው ያንን ካልከፈለ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሥራው ገዢው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚጀመር አይደለም። በየጎብኚ ቦታው ያሉ የፈረስና የበቅሎ አከራዮች ማኅበራት ምን ዓይነት እንስሳ እንደሚፈልጉ፣ በዓመት ስንት እንደሚተኩና ለተላመደ እንስሳ ምን ያህል እንደሚጨምሩ አስቀድሞ ጠይቆ መነሳት ይሻላል። መልሳቸው የተላመደውን ካልተላመደው የማይለይ ከሆነ፣ ፈረሱን እንደተገዛ መሸጡ ያዋጣል። የሚለይ ከሆነ ግን የሦስት ወሩ ቀለብ የሚመለሰው እዚያ ነው።